ያ ሰው በር አይከፍትም

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት አጭር ልቦለዷን ላከችልኝ። ከሥሩ አንድ ጥያቄ አለበት። «ያነበቡት ጓደኞቼ ሁሉ ተስፋ የለውም አሉኝ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ተስፋ ልጨምርበት?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ መልስ አጣሁለት። በሰው ታሪክ ላይ ተስፋ ጨምሬ አውቃለሁና።

ያኔ ወጣት አርታኢ ነበርኩ። ለአንድ መጽሔት የሚላኩ ልቦለዶችን እመርጥ ነበር። ብዕሬ ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑንም በደንብ አውቅ ነበር፤ ጉድ ያደረገኝ ይሄኛው ነው።

አንድ ቀን በእጅ የተጻፈ ስድስት ገጽ ደረሰኝ። ስርዝ ድልዝ የለበትም። ታሪኩ ሚስቱ ስለሞተችበትና ከሥራ ስለተባረረ ሰው ነው። ሰውዬው ሥራ መፍታቱን ጎረቤት እንዳያውቅበት ጠዋት በድሮው ሰዓቱ ይነሳል። ይላጫል፣ ቦርሳውን ያነሳል፣ በሩን ሁለቴ ቆልፎ ይወጣል። ሲዞር ይውልና በሥራ መውጫ ሰዓት ይመለሳል። ቦርሳው ባዶ መሆኑ እንዳያስታውቅ አሮጌ ጋዜጣ ጠቅጥቆበታል።

አንድ ማታ የኮቱ ቁልፍ ይበጠስበታል። ኮቱ ጥቁር ነው። ቤት ውስጥ የተገኘው ክር ደግሞ ነጭ። ቁልፉን በነጩ ክር ይሰፋዋል። ከዚያ መብራቱ ሥር ቁጭ ብሎ ክሩን በእስክሪብቶ ጥቁር ይቀባዋል። አንዱን ቀዳዳ ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጨርቁን እንዳይነካበት ትንፋሹን ይይዛል። በዚህ መሀል ጎረቤቱ ያንኳኳል። «ደህና ነህ ወይ?» ይለዋል ከውጭ። «ደህና ነኝ፤ ነገ ሥራ አለብኝ፣ ልተኛ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ጎረቤቱ ይሄዳል። ሰውዬው ቀለሙ እንዲደርቅለት ቁልፉን እፍ ይለዋል። ታሪኩ እዚህ ጋ አለቀ።

እኔ ምን አደረግኩ? በሩን አስከፈትኩት። ጎረቤቱ ትከሻ ላይ ደፍቼ አስለቀስኩት። የደበቀውን ሁሉ አንድ በአንድ አስነገርኩት። ጎረቤቱንም «አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም» አሰኘሁት። አንድ ትልቅ አንቀጽ ሆነ። ስጽፈው እንባዬ መጥቶ ነበር፤ በራሴ አጻጻፍ ማለቴ ነው።

ጽሑፎቻችንን የምትተይብልን ሴት ነበረች፤ እትዬ ነበር የምንላት። ከሁላችንም በላይ የምታነበው እሷ ናት። አስተያየቷን የጠየቃት ሰው ግን አላስታውስም። ያን ቀን ገጾቹን ስትሰጠኝ «ይቺ መጨረሻዋ የሌላ ሰው ናት አይደል?» አለችኝ። «እንዴት አወቅሽ?» አልኳት። «እስከዚህ ድረስ አጭር አጭር ነው። እዚህ ስደርስ ጣቴ ደከመው» አለች። ስቄ አለፍኩ። ስለ አርትኦት ከዚያ በኋላ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ። ከእትዬ ጣት የበለጠ ያስተማረኝ የለም።

ታሪኩ ወጣ። ጸሐፊው ክፍያቸውን ሊወስዱ መጡ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ወንበር ስቤላቸው «ጋሼ፣ እንዴት አገኙት?» አልኳቸው። ምስጋና ነበር የምጠብቀው።

መጽሔቱን ገለጡና ጣታቸውን የእኔ አንቀጽ ላይ አሳረፉ። «ያ ሰው በር አይከፍትም» አሉኝ።

ማብራራት ጀመርኩ። ስለ አንባቢ፣ ስለ ተስፋ፣ ጸሐፊ ስላለበት ኃላፊነት አወራሁ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። «ገብቶኛል ልጄ። ግን ያ ሰው በር አይከፍትም» አሉ ደግመው። ገንዘባቸውን ቆጥረው ተቀበሉ። በዚያ ንጹሕ ጽሕፈታቸው ፈረሙ። አመስግነውኝ ወጡ። ጥቁር ኮት ለብሰው ነበር። ቁልፎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ክሩን ለማየት ግን አልደፈርኩም።

ሌላ ታሪክ አላመጡም። አድራሻቸው መዝገባችን ላይ ነበር። ይቅርታ ልጽፍላቸው ስል፣ ዛሬ ነገ ስል፣ መዝገቡም ጠፋ።

እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሰውዬው የቀረው ያ የተዘጋ በር ብቻ ነበር። እሱንም ቀማሁት። ክብርን በአጭር ልቦለድ ውስጥ ሳስብ የሚታየኝ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው። ሩሲያዊው ደራሲ ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው «ካፖርቱ» ውስጥ ያለውን ምስኪን የቢሮ ጸሐፊ አስታውሱት። ለአዲስ ካፖርት ብር ሊያጠራቅም ማታ ማታ ሻይ ይተዋል። ሻማ አያበራም። የጫማው ሶል እንዳያልቅበት በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል። ካፖርቱ ሲሰረቅበት እኛን የሚያመን ያንን ሁሉ እርምጃ አብረነው ስለተራመድን ነው።

እንዲህ ስል ክብር ያለው ዝም በማለት ብቻ ነው ያልኩ ይመስላል። ለብዙ ዓመት እንደዚያ ብዬ አስተምሬያለሁም። ችግሩ ሌላው ሩሲያዊ ደራሲ ቼኮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የጻፈው አንድ አጭር ታሪክ አለ። ልጁ የሞተበት ባለጋሪ፣ በበረዶ ምሽት፣ ለሚጭናቸው ሰዎች ሁሉ «ልጄ ሞተ» ለማለት ይሞክራል። መኮንኑ አይሰማውም። ሦስቱ ጎረምሶች ይሰድቡታል። ሌሊት ውኃ ሊጠጣ የተነሳውን ወጣት ባለጋሪ ያናግረዋል፤ ወጣቱ ተከናንቦ ይተኛል። በመጨረሻ ጋጣ ገብቶ ድርቆሽ ለምታኝከው ፈረሱ ይነግራታል። ይህ ሰው በሩን አልዘጋም። በየሰዉ በር እየሄደ ነው ያንኳኳው። ክብሩ ግን ሙሉ ነው። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ በደንብ ማስረዳት አልችልም። ቼኮቭ ከጎኑ ቆሞ አለማልቀሱ ይመስለኛል። ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ለአንዲት ጸሐፊ በላከው ደብዳቤ አንባቢን ማሳዘን ስትፈልጊ አንቺ ቀዝቀዝ በይ ብሏታል፤ ሐዘኑ ጎልቶ የሚታየው ያኔ ነው ብሎ።

የእናንተ ዘመን ጽሑፍ አይቀዘቅዝም። ሁሉም «እኔ» ነው፣ ሁሉም ቆስሏል። በመጀመሪያው መስመር «ዲፕሬሽን» ትላላችሁ፣ በሁለተኛው ታለቅሳላችሁ፣ በሦስተኛው ላይክ ትጠብቃላችሁ። አንባቢ ምን ይሥራ? ይሄን ያልኩት ተናድጄ ነው። ደግሞ ሳስበው፣ ከመካከላችሁ አንዱ ከፍቶኛል ብሎ ሲጽፍ በእኩለ ሌሊት «አለን» የሚሉት የማያውቃቸው ልጆች ናቸው። ያ ባለጋሪ ያገኘው ፈረሱን ብቻ ነው። ስለዚህ በሕይወታችሁ በር ክፈቱ፤ ስታንኳኩም አትፈሩ። እኔ የማወራው ስለ ወረቀቱ ነው።

አንብቡ፣ ደጋግማችሁ ጻፉ የሚለውን አልነግራችሁም፤ ሰልችቷችኋል።

አንቺ ልጄ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ማንም በማይጠይቃት ቀን ጫማዋን ቦርሻ፣ ተጫምታ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ የምትቀመጠው ሴትሽ አሪፍ ናት። ማሰሪያውን ፈትታ እንደገና ስታስር፣ ሁለቱ ጫፎች እኩል እስኪሆኑ ስትጎትት አይቻታለሁ። ቀጥሎ ስልኩ ይጠራል፤ የጠፋችው እህቷ ናት። ይሄን ከጓደኞችሽ አስተያየት በኋላ ነው የጨመርሽው መሰለኝ፤ እዚያ ስደርስ እኔም ጣቴ ደከመው። ከዚያ በፊት የጻፍሽው ካለ፣ እሱን ላኪልኝ። ምንም አልነካበትም።