ቀብድ ሳይከፍሉ አፈርዎን ይፈትኑ
ስለ ኢንተርሎክ የአፈር ብሎኬት (ከአፈርና ከጥቂት ሲሚንቶ በማሽን ተጨምቆ የሚሠራ፣ ያለ ማያያዣ ሞርታር እርስ በርሱ እየተቆላለፈ የሚደረደር ብሎኬት) የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ቤት የምሠራበት ቦታ ላይኛው አፈር ጥቁር ነው፤ አንድ ሜትር ያህል ሲቆፈር ቀይ አፈር ይወጣል። በእጅ የሚሠራ የብሎኬት ማሽን ልገዛ ተስማምቻለሁ። ይህ አፈር ይሆነኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቀብድ ካልከፈሉ ትንሽ ይታገሡ። አፈሩን ለመፈተን አንድ ጠርሙስ፣ አንድ የእንጨት ሳጥንና አንድ ሳምንት ይበቃዎታል።

ጥቁሩን ዋልካ ይተዉት። ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ አፈር ነው፤ ሲሚንቶ ቢያበዙበትም ገንዘብዎ ያልቃል እንጂ አስተማማኝ ብሎኬት አይወጣውም። ሥርና ብስባሽ ያለበት የላይኛው አፈርም አይሆንም፤ ብስባሽ ሲሚንቶው በደንብ እንዳይጠነክር ያደርጋል። ቀዩ ግን ተስፋ አለው።

ጎኑ ቀጥ ያለ የብርጭቆ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በአፈር፣ የቀረውን በውሃ ይሙሉና ቁንጥጫ ጨው ይጨምሩበት። አጥብቀው ይናጡት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመው ይናጡትና እስከ ማግስቱ አይንኩት። አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከመሐል፣ ሸክላው ከላይ ተደራርቦ ይታያል፤ እያንዳንዱን በማስመሪያ ይለኩ። ለሲሚንቶ የሚስማማው አፈር ጠጠርና አሸዋው ከ60 እስከ 70 በመቶ፣ ሸክላው 20 በመቶ አካባቢ የሆነው ነው። ሸክላው ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ጠርሙሱ ውስጥ ከእውነተኛ መጠኑ በልጦ እንደሚታይ አይርሱ።

ሳጥኑ የሲሚንቶውን መጠን ይነግርዎታል። ውስጡ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ውስጡን ዘይት ቀብተው የተቦካውን አፈር ጠቅጥቀው ይሙሉበት፤ 3 ቀን ፀሐይ ላይ ወይም 7 ቀን ጥላ ውስጥ ያቆዩት። ሲደርቅ አፈሩን ወደ አንድ ጫፍ ገፍተው የተፈጠረውን ክፍተት ይለኩ። ከ12 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ለ1 እጅ ሲሚንቶ 18 እጅ አፈር፣ ከ12 እስከ 24 ከሆነ 16 እጅ፣ ከ24 እስከ 39 ከሆነ 14 እጅ፣ ከ39 እስከ 50 ከሆነ 12 እጅ ነው። ከ50 ካለፈ አሸዋ ቀላቅለው እንደገና ይፈትኑ። ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ ሸክላ ስለሚበዛበት የአሸዋውን ወጪ ከአሁኑ ያስቡበት።

ያልጠየቁንን አንድ ነገር እንጨምር። ብሎኬቱ ከቀዩ አፈር ቢሠራም ቤቱ ዋልካው ላይ ከቆመ ግድግዳው ይሰነጠቃል። የእርስዎ ዋልካ አንድ ሜትር ብቻ ስለሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ጠርገው ያውጡትና መሠረቱን ቀዩ ላይ ያሳርፉ።

ጥያቄ፦ እንደተነገረን በአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 100 ብሎኬት እንሠራለን። ግማሾቹ ጠንካራ ናቸው፣ ግማሾቹ ግን በሦስተኛው ቀን ጠርዛቸው በእጅ ይፈረፈራል። የምናደርቀው ፀሐይ ላይ ደርድረን ነው። ሲሚንቶው መጥፎ ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሲሚንቶው መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በተፈረፈረ ነበር። የምንጠረጥረው ሙሉውን ከረጢት በአንድ ጊዜ እንደምታቦኩ ነው። በእጅ የሚሠራ ማሽን በቀን 400 ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 50 ብሎኬት ያወጣል። ስለዚህ የመጨረሻው ብሎኬት ማሽን ውስጥ የሚገባው ሲሚንቶው ውሃ ካገኘ ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ መጠንከር ከጀመረ በኋላ ነው። የጀመረውን ማሰሪያ ማሽኑ መልሶ ይሰብረዋል። ሩብ ከረጢት ብቻ አቡኩ፤ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። የደረቀ ቡኮ ላይ ውሃ ጨምሮ መመለስ በፍጹም አይገባም።

አቦካኩም ሥርዓት አለው። አፈሩን በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉ፤ ከሲሚንቶው ጋር በደረቁ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን አገላብጡት፤ ከዚያ በኋላ ውሃውን በአበባ ማጠጫ እየረጫችሁ ጨምሩ። ልኩን ለማወቅ እፍኝ ቡኮ ጨብጣችሁ ድቡልቡል አድርጉና ከአንድ ሜትር ከፍታ ጠንካራ መሬት ላይ ልቀቁት። አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው። ከተበታተነ ውሃ አንሶታል፤ ከተለጠፈ በዝቶበታል።

ፀሐዩን ግን ዛሬውኑ አቁሙ። የአፈር ብሎኬት እንደ ጡብ አይደርቅም፤ የሚያጠነክረው ውስጡ የቀረው እርጥበት ነው። ጥላ ውስጥ በላስቲክ ሸፍናችሁ 7 ቀን ውሃ አጠጡት፣ 28 ቀን ሳይሞላው አትገንቡበት።

ጥያቄ፦ ሲደረደር አሥረኛው ረድፍ ላይ ግድግዳው በአንድ በኩል ከፍ አለ። ግንበኛው በየቦታው ሞርታር እየሞላ ያስተካክላል። ችግሩ ከማን ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከአምራቹ። ሞርታር በሌለው ግድግዳ የብሎኬት ከፍታ ልዩነት የሚደበቅበት ቦታ የለም። በአንድ በኩል የተደረደሩት 2 ሚሊ ሜትር ቢበልጡ አሥረኛው ረድፍ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር፣ በ27ኛው ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቡኮው በአካፋ በግምት መጨመሩ ነው። ልኩ የታወቀ ጣሳ ይኑራችሁ፤ ሁሌ ያው ጣሳ፣ በእንጨት ተጠርጎ። በየአሥር ብሎኬቱ ከፍታውን ለኩ። እጀታው አልወርድ ሲል ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘም ማሽኑን ያጣምማል፤ የበዛውን ቡኮ ቀንሱ።

የተመረቱትን አትጣሉ። በከፍታቸው ለይታችሁ ከምሩ፤ አንድ ረድፍ በአንድ ዓይነት ከፍታ ብቻ ይሠራ። የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ሞርታር ላይ ተቀምጦ በክርና በውሃ ልክ በጥንቃቄ ይስተካከል።

ጥያቄ፦ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገም እዚህም ይሰማን ነበር። እንዲህ ዓይነት ቤት ያሰጋል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እንዲሁ ተደርድሮ ብረት ያልገባበት ያሰጋል። ቀዳዳ ያለውን ብሎኬት ይምረጡ። በየማዕዘኑ፣ ግድግዳዎች በሚገናኙበትና በየበሩና በየመስኮቱ ግራና ቀኝ ከመሠረቱ ኮንክሪት የተነሣ ፌሮ በቀዳዳው ይለፍ፤ በየሦስት አራት ረድፉ ፈሰስ ያለ ሞርታር ይሞላበት። ከበርና ከመስኮት በላይ እንዲሁም ጣሪያው ሥር ቤቱን ዙሪያውን የሚያስር ቢም ያስፈልጋል። በርና መስኮት ከማዕዘን ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። የፌሮውን ውፍረት መሐንዲስ ይወስን፤ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

ጥያቄ፦ ለእናቴ ደሴ አካባቢ 6 በ7 ሜትር ቤት ላሠራላት ነው። ስንት ብሎኬትና ስንት ሲሚንቶ ልያዝ? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ የግድግዳውን ከፍታ 2.7 ሜትር፣ የውስጥ ክፍልፋዩን 9 ሜትር ብለን አሰላን። በርና መስኮት ሲቀነስ 82 ካሬ ሜትር ያህል ይቀራል። ፊቱ 26.5 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት በካሬ 38 ስለሚፈልግ፣ ከብክነቱ ጋር 3,300 ይያዙ። ለ1 እጅ ሲሚንቶ 16 እጅ አፈር ከሆነ ወደ 34 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት፣ ማለትም 17 ኩንታል ሲሚንቶ ነው። ይህ መሠረቱን፣ ቢሙንና ጣሪያውን አይጨምርም፤ ብሎኬት ርካሽ ነው ብሎ ስለ ሙሉ ቤቱ ዋጋ የሚነግርዎትን እነዚህን ለይቶ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት። ከሩቅ ስለሚያሠሩ ደግሞ መጀመሪያ 50 ብሎኬት ብቻ ያዝዙ። 28 ቀን ሲሞላቸው ከመሐላቸው አምስቱን ዘመድ ያንሣና አንድ ሌሊት በርሜል ውሃ ውስጥ ይንከር። ጠዋት ሲወጡ ጠርዛቸው በአውራ ጣት ሲገፋ ካልተፈረፈረ ሙሉውን ያስጀምሩ።