አቡነ ዮሴፍን ዞሮ በወንዙ መመለስ፦ ለጠያቂው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጥቅምት መጨረሻ ከባለቤትህና ከሁለት ጓደኞችህ ጋር ከአዲስ አበባ ትመጣላችሁ። ከላሊበላ ተነስታችሁ፣ በአሸተን ማርያም ገዳም አልፋችሁ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ወጥታችሁ፣ በሌላ በኩል ወንዝ ይዛችሁ መመለስ ፈልጋችኋል። ሁለት ቀን ይበቃል ወይ? ከባዱ የቱ ጋ ነው? ባለቤቴ ጉልበቷን ታማ ነበር፣ ትችለዋለች ወይ? ነው ያልከው። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ይህን ዙር ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ሁለቱን ጨርሻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ።

አብሽር፣ ይቻላል። ግን ሁለት ቀን አይበቃችሁም፤ ሦስት ያዙ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ጫፉን ነው። እኔ የምፈራው የመጨረሻውን ቀን ወንዝ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቀኑ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ደግሞ 4,260 ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ከፍታ ለምዷል፣ እውነት ነው። 4,000 ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ እኔም ደሴ ተወልጄ ዳገትና ብርድ ምን ያደርገኛል ብዬ ነበር። በሁለት ቀን ልንጨርስ ተጣደፍን። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ከእኔ ይጠነክራል፣ ኳስ ተጫዋች ነው። ከሰዓት በኋላ ራሱን ያመው ጀመር። ማታ እህል አልቀምስም አለ፣ ሌሊት አስመለሰው። ሲነጋ ደግፈነው በመጣንበት ወረድን። ሁለት ሰዓት ያህል ቁልቁል እንደሄድን ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ፣ ዳቦም ጠየቀ።

ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ መውረድ ነው። አንዱ ካመመው ሁላችሁም ትወርዳላችሁ። ይህን ከቤት ሳትወጡ ተማመኑ፤ ጠንካራ ሰው እላይ ሆኖ «ደህና ነኝ» ማለት ይወዳል።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው ማለት ይቻላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከተማውን ልቀቁ፤ ተራራው ራሱ ጥላ ይሰጣችኋል። ቀስ ብላችሁ ብትወጡ ሦስት ሰዓት ያህል ሄዳችሁ አሸተን ማርያም ትደርሳላችሁ። ከአለት የተፈለፈለች ገዳም ናት፤ ትውፊቱ ከንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ጋር ያያይዛታል። በጠባቡ የአለት ስንጥቅ ስታልፉ ሻንጣችሁን ወደ ፊት አዙሩት። ከዚያ ወደ አምባው ወጥታችሁ እዚያው ከፍታ ላይ እደሩ። ከ3,500 ሜትር በላይ አትደሩ። ዳገቱ ገና እያለ ጉልበት አለን ብላችሁ አትቀጥሉ።

ሁለተኛው ቀን የጉዞው ልብ ነው። የገብስ ማሳው እያነሰ ይሄዳል፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይመጣል፣ ቀጥሎ ዛፍ የሚባል ይጠፋና ጓሳ ሣርና ጅብራ ብቻ ይቀራል። ጅብራው ከሩቅ ሲታይ ሰው የቆመ ይመስላል። ብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይኖርና አንድ ጊዜ ረጅም አበባ አውጥቶ ይደርቃል። ስለዚህ የደረቀ ነው ብላችሁ ገፍታችሁ አትጣሉት፤ ፍሬው ገና ላይበተን ይችላል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን መንገድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፣ ሣር እየነጩ ቁጭ ብለው። አትጠጓቸው፣ ምግብም አትወርውሩላቸው።

ቀይ ቀበሮም አለ። እኔ ከሦስቱ ጉዞ በአንዱ ብቻ ነው ያየሁት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። አይጥ ጉድጓድ አጠገብ ጆሮውን ቀስሮ ቆሞ ነበር። እኛም ቆምን፣ ማንም ስልኩን አላወጣም። በመላ አገሪቱ ያሉት ጎልማሶች 500 አይሞሉም፤ ከሀገራችን ውጭ ደግሞ የትም የሉም። ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ መንጋውን እንዳለ ሊፈጅ ይችላል። ከመንደር ውሻ ከተከተላችሁ እባካችሁ መልሱት። አቡነ ዮሴፍ ከአጎራባቾቹ ከዝጊትና ከአቦሆይ ጋራ ተራሮች ጋር በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ነው። ገበሬው ለሣር ክዳንና ለገመድ የሚፈልገውን ጓሳ እየቆጠበ ነው ያቆየው። ከሰፈሩ ሰው መንገድ መሪ የምትቀጥሩትም አንድም ለዚህ ነው።

መሬቱ ግን ያታልላል። ከሩቅ ለጥ ያለ ሜዳ ይመስላል፤ ሲገቡበት ጉብታ ጉብታ ነው። በጓሳው መሃል ውሃ ያዘለ ረግረግ አለ፣ የአይጥ ጉድጓድም ሞልቷል። ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው እዚህ ነው። ዱላ ያዙ። ጉም ከወረደ ደግሞ አሥር ሜትር አይታይም፤ ያኔ ተጠጋግታችሁ ቁጭ በሉ እንጂ ገደል ባለበት አገር መንገድ ፍለጋ አትበተኑ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገርህ። ሁለተኛውን ሌሊት ጫፉ አካባቢ ማደር ያምራችኋል፣ ኮከቡ ያጓጓል። አትደሩ። ከጫፉ እንደተመለሳችሁ በቀን ብርሃን ከወንዙ በላይ አፋፍ ላይ ካሉት መንደሮች ወደ አንዱ ውረዱ። ሌሊቱን ከውርጭ ታመልጣላችሁ፤ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ዋናው ግን ጠዋት ወንዙ ላይ በጊዜ መድረሳችሁ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት በሚያዝያ ነበር፣ በበልግ። በወሎ ደጋ በልግ ቀልድ አይደለም፤ በእሱ የሚዘራ አገር ነው። ረፍዶብን ወንዙ ጋ የደረስነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ውሃው ከጉልበት በታች ስለነበር ጫማችንን አውልቀን ልንሻገር ስንል፣ ማዶ ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ወደ ላይ እያመለከቱ ጮኹ። «ልጆቼ፣ ቁሙ! ላይ ዘንቧል!» አሉ። እኛ ምንም አልታየንም። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ቀለሙን ለወጠ፣ ቡና መሰለ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ልንረግጣቸው የነበሩት ድንጋዮች ሁሉ ተሸፈኑ፣ ግንድ ይዞ ሲወርድ አየን። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አልጎደለም። እኚያ አባት ባይኖሩ ኖሮ ይህን የምጽፍልህ አይመስለኝም።

የወንዙ መንገድ እንደዚህ ነው። ገደሉ ሲጠብ መንገዱ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ዳር ይሄዳል። ስለዚህ ደጋግማችሁ ትሻገራላችሁ። ዝናቡ የሚጥለው ደግሞ እናንተ በማታዩት ተራራ ላይ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ክረምቱ ስለሚያልፍ ስጋቱ ይቀንሳል፣ ፈጽሞ አይጠፋም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሱ፣ ከቀትር በፊት ከጠባቡ ውጡ። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ደረቅ ቅጠል መንዳት ከጀመረ ወደ ከፍታ ወጥታችሁ ጠብቁ። ስትሻገሩ ጫማችሁን አታውልቁ። እኔ ያን ቀን ማውለቄ ራሱ ስህተት ነበር፤ አልጌ ያለበት ድንጋይ በባዶ እግር አይቻልም። ሌላ ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ያ ይበቃል።

ስንቅ ብዙ አታብዙ። በሶና ቆሎ፣ ትንሽ ስኳር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጋቢ። ውሃ ከወንዙ ቀድታችሁ አፍሉ። ማረፊያዎቹ የትኞቹ ክፍት እንደሆኑና መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ካለ ሰው በስልክ አጣሩ። ሰላሙ ካልተረጋገጠ ቀኑን አዛውሩት፣ ተራራው የትም አይሄድም።

ስለ ባለቤትህ። የሁለቱን ቀን ዳገት በበቅሎ ትችለዋለች፤ በላሊበላ ባለበቅሎዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ችግሩ ቁልቁለቱ ነው፣ የታመመ ጉልበት የሚጎዳው ሲወርድ ነው። በሦስተኛው ቀን መንገድ ደግሞ በቅሎ አይገባም። ስለዚህ እንዲህ ብታደርጉ እመርጣለሁ። ጫፉን አብራችሁ እዩ። ከዚያ እሷ ከአንዱ ጓደኛህና ከባለበቅሎው ጋር በመጣችሁበት በአሸተን በኩል ትመለስ፣ መንገድ ላይ አድራ። አንተና ሌላው ከመንገድ መሪው ጋር በወንዙ ውረዱ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ላሊበላ ላይ ትገናኛላችሁ። እሷ ቀድማ ከገባች፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጠብቃችሁና ከዚያ ለማን እንደምትደውል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ገደሉ ውስጥ ስልክ አይሠራም።