ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ለኢንዶስኮፒ ሲቀጠር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ የማይትራል ቫልቯ (በግራ ልብ ውስጥ ያለ የደም በር) ጠቧል፣ የልብ ምቷም የተዛባ ነው፤ ዋርፋሪን ትወስዳለች። ለጨጓራ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጡን ማየት) ተቀጥራለች። መቼ ታቁም?

መልስ፦ ለማየትና ናሙና ለመውሰድ ብቻ ከሆነ አያቁሙ። ናሙና ሲወሰድ የሚደማው ጥቂት ነው፣ በራሱ ይቆማል። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት አይኤንአር (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይለኩ፤ ከታዘዘላቸው ክልል (ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3) ካላለፈ የተለመደውን መጠን ይቀጥላሉ። ካለፈ ሐኪሙ መጠኑን አስተካክሎ ድጋሚ ያስለካል። እኔ የምፈራው «ለጥንቃቄ» ተብሎ በቤት ውስጥ የሚቆመውን ነው። የሚደማን ቦታ በዚያው በኢንዶስኮፒ ማስቆም ይቻላል፤ ረግቶ አንጎል የገባ ደም ግን ሽባ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ፖሊፕ (ከውስጥ ግድግዳ ላይ የበቀለ ትንሽ ሥጋ) የሚቆረጥ ቢሆንስ?

መልስ፦ ያኔ ዋርፋሪን ከ5 ቀን በፊት ይቆማል፣ አይኤንአር ከ1.5 በታች መውረዱ ይረጋገጣል። በዕለቱ ማታ በተለመደው መጠን ይጀመራል፤ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይለካል። እንደ እናትዎ ላሉት፣ እንዲሁም የብረት ማይትራል ቫልቭ ላላቸው፣ ዋርፋሪን ካቆሙ ከ2 ቀን በኋላ ኢኖክሳፓሪን የተባለ ደም ማቅጠኛ መርፌ በምትኩ ይጀመራል። የመጨረሻው መርፌ ፖሊፑ ከሚቆረጥበት ሰዓት ቢያንስ 24 ሰዓት ይቅደም፤ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስህተት ይፈጠራል፣ ዋዜማ ማታ ይወጉና ጠዋት ይደማሉ። የቫልቭ ችግር የሌለበት የልብ ምት መዛባት አብዛኛውን ጊዜ መርፌ አይፈልግም።

ጥያቄ፦ ሪቫሮክሳባን (ከዋርፋሪን የተለየ ደም ማቅጠኛ ክኒን) ለምወስደውስ?

መልስ፦ ለናሙና ብቻ ከሆነ የዕለቱን የጠዋት መጠን ይዝለሉ። ለፖሊፕ የመጨረሻው ክኒን ከ3 ቀን በፊት ነው። የዚሁ ዓይነት ክኒን የሆነው አፒክሳባንም እንዲሁ። ሌላው ክኒን ዳቢጋትራን በኩላሊት ስለሚወጣ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው 5 ቀን ይሆናል፤ ስለዚህ ክሬያቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) አስቀድሞ ይታይ። ከተቆረጠ በኋላ ክኒኑን እንደገና ለመጀመር ከ2 እስከ 3 ቀን ይጠበቃል፤ እንደ ዋርፋሪን ቀናት ሳይፈጅ በሰዓታት ውስጥ ይሠራልና። ምትክ መርፌ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ስቴንት (የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) አለኝ፤ ደም እንዳይረጋ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል እወስዳለሁ። ፖሊፕ ሊቆረጥልኝ ነው።

መልስ፦ አስፕሪኑ ይቀጥላል። ክሎፒዶግሬል ከ7 ቀን በፊት የሚቆመው የልብ ሐኪምዎ ከተስማማ ብቻ ነው። መድኃኒት የተቀባ ስቴንት ከገባ 12 ወር ካልሞላውና ፖሊፑ የማያስቸኩል ከሆነ ቀጠሮው ይገፋ። ሁለቱን አንድ ላይ በራስዎ አያቁሙ፤ ስቴንቱ ሊዘጋ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከተቆረጠ በኋላ እስከ መቼ እንጠንቀቅ?

መልስ፦ እስከ 2 ሳምንት ሊደማ ይችላል። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ደም ያለበት ሰገራ፣ ማዞር፣ ራስን መሳት ካለ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የአይረን ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ።