ሰዓቱን ማን ይይዛል? ለወጣት ሯጮች

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በአርሲ ደጋ በምትገኝ አንዲት ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ደግሞ ታዳጊ ሯጮችን አሰለጥን ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ማለዳ ማለዳ ጋቢዬን ደርቤ ሜዳው ዳር መቀመጥ አልተውኩም። በሥራ ላይ ሳለሁ ልነግራችሁ ሲገባኝ ያልነገርኳችሁን ነገር ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ። ደብዳቤው በተለይ ለሴቶቹ ነው፤ ነገር ግን ወንዶቹም እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እለምናችኋለሁ፣ ከእናንተ መካከል ነገ አባት፣ ባልና አሰልጣኝ የሚሆን አለና።

እናንተ የተወለዳችሁት ኢትዮጵያዊት ሴት በሩጫ ማሸነፏ እንደ ዝናብ ወቅት የሚጠበቅ ነገር በሆነበት ዘመን ነው። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ ያያችሁ ልጆች፣ ሴት ረጅም ርቀት መሮጥ ትችላለች ወይ የሚል ጥያቄ በቁም ነገር ይነሳ እንደነበር ለማመን ይቸግራችኋል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት ታሪክ ልጀምር። ከአንድ ቀን በስተቀር ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ 800 ሜትር ሮጡ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ አሸነፈች። ብዙ ጋዜጦች ግን ክብረ ወሰኑን ወደ ጎን ትተው፣ ከሯጮቹ አንዳንዶቹ ከመድረሻው በኋላ ሜዳው ላይ መውደቃቸውን ከሆነው በላይ አጋንነው ጻፉ። ርቀቱ ለሴቶች ከባድ ነው ተባለና ከኦሊምፒክ ወጣ። የተመለሰው በ1960 በሮም ነው፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ዓለምን ባስደነቀበት በዚያው ኦሊምፒክ ለሴቶች የተፈቀደው ረጅሙ ርቀት 800 ሜትር፣ ማለትም የሜዳው ሁለት ዙር ብቻ ነበር። ያኔ ይሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች ልብ በሉ፦ ማህፀኗ ይጎዳል፣ መውለድ ያቅታታል፣ ውበቷ ይጠፋል ይባል ነበር። ክልከላው ርኅራኄ ለብሶ ነው የመጣው። በሥራ ዘመኔም ከወላጆች፣ ከመምህራን፣ አንዳንዴም ከራሴ አፍ የሰማሁት ይኸው ርኅራኄ ነው፤ «ለራሷ ብዬ ነው» የሚለው ቃል ከግልጽ ስድብ ይልቅ ብዙ ልጃገረዶችን ከሜዳ መልሷል። ስድብ እልህ ያስይዛል፤ ርኅራኄ ግን እሺ ያሰኛል።

በ1967 ካትሪን ስዊትዘር የተባለች ወጣት የቦስተን ማራቶንን ስትሮጥ፣ ከውድድሩ ኃላፊዎች አንዱ ሩጫው መሐል ገብቶ የለጠፈችውን ቁጥር ሊቀዳድድባት ታገላት። ከእሷ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ሮበርታ ጊብ ያለ ቁጥር፣ መነሻው አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ቆይታ ሮጣለች። ቦስተን ሴቶችን በይፋ የተቀበለው በ1972 ነው። ያ ሰውዬ ለቁጥሩ ከታገለ ልክ በ30ኛው ዓመት፣ በ1997፣ በዚያው ከተማ ፋጡማ ሮባ አሸነፈች፤ በ1998ም በ1999ም ደገመችው። የቦስተንን ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴትም እሷ ናት። ፋጡማ የአርሲ ልጅ በመሆኗ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ ድምፄ ይለወጥ ነበር።

ስለ ደራርቱ ቱሉ ያልሰማ ልጅ ከመካከላችሁ የለም። ነገር ግን አንድ ስሌት ሠርታችሁ እንደማታውቁ እገምታለሁ። ደራርቱ በ1972 ስትወለድ አንዲት ሴት በኦሊምፒክ ልትሮጥ የምትችለው ረጅሙ ርቀት፣ በዚያው ዓመት የተጨመረው 1500 ሜትር ነበር። ማራቶን ለሴቶች የተፈቀደው በ1984 በሎስ አንጀለስ፣ 10 ሺህ ሜትር ደግሞ በ1988 በሴኡል ነው፤ ሀገራችን በሁለቱም ኦሊምፒኮች አልተካፈለችም። ስለዚህ በ1992 የተካሄደው የባርሴሎና ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያውያት የመጀመሪያው የ10 ሺህ ሜትር ዕድል ነበር፤ የሃያ ዓመቷ ደራርቱም በመጀመሪያው ዕድል ወርቁን ወሰደች።

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነበር። ክረምት ነው፤ በከተማችን ቴሌቪዥን ያለበት አንድ ሆቴል ውስጥ እርጥብ ካፖርት ለብሰን ተፋፍገን ቆመናል። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ተስፈንጥራ ስትወጣ ደራርቱ ብቻ ተከተለቻት፤ ዙር በዙር ከኋላዋ ተለጠፈች። የመጨረሻው ዙር ላይ ማርሽ ቀይራ ስታልፋት የሆቴሉ ጣሪያ የሚነሳ መሰለኝ። በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ገባች፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። አፓርታይድ በተባለው የዘር መድልዎ ሥርዓቷ ምክንያት ከተጣለባት እገዳ ገና የተመለሰችው ሀገር ልጅ ሜየርና የእኛዋ ደራርቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «እንዲህም አለ ለካ!» ሲሉ ሰማኋቸው። አባባላቸው እስካሁን በጆሮዬ አለ።

በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ሜዳ ላይ ያየሁት ነገር ከዚያ ሌሊት በላይ አስገርሞኛል። ዓመቱን ሙሉ ለልምምድ ይመጡ የነበሩት ሴቶች ሁለት ነበሩ፤ በዚያ ሳምንት ሃያ ገደማ ልጃገረዶች፣ አንዳንዶቹ የትምህርት ቤት ቀሚሳቸውን እንደለበሱ፣ አንዳንዶቹም ጫማ ሳይኖራቸው መጡ። ሳላንገራግር ተቀበልኳቸው፤ በዚህም ግዴታዬን የጨረስኩ መሰለኝ። ከእነዚያ ልጆች ግማሹ የፋሲካን በዓል ሳናልፍ ቀሩ።

የቀሩበትን ምክንያት ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ልምምድ የምንጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ወንዶቹ ከእንቅልፋቸው ተነስተው በቀጥታ ይመጣሉ። ልጃገረዷ ግን ቀድማ ከምንጭ ሃያ ሊትር ውሃ በጀሪካን ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ እሳት አንድዳ ነው የምትደርሰው። ስትዘገይ ደግሞ «ዲሲፕሊን ነው» ብዬ ሁለት ዙር እጨምርባት ነበር። ልምምዱን አንድ ሰዓት ወደፊት ብገፋው ምንም አልጎዳም ነበር፤ በኋላ ገፍቼውም ምንም አልጎደለብኝም።

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝን አሁን ልንገራችሁ። ለሯጮቼ አንድ ሰማያዊ ደብተር ነበረኝ፤ በየገጹ ስም፣ ሰዓትና አስተያየት ብዬ አስምሬ እጽፍበት ነበር። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረችኝ፤ ስትሮጥ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። አንድ ዓመት ሙሉ ሰዓቷ እየተበላሸ ሄደ። ጠየቅኳት፤ አንገቷን ደፍታ «ምንም የለም፣ ጋሼ» አለችኝ። በስሟ አንጻር «ስንፍና» ብዬ ጻፍኩ፤ ከውድድር ቡድኑም አወጣኋት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቅልጥሟን ይዛ ተቀመጠች። አብራን ታስተምር የነበረች የባዮሎጂ መምህርት ለብቻዋ ወስዳ ብታነጋግራት፣ የወር አበባዋ ከቀረ አሥራ አንድ ወር እንዳለፈው፣ ቀጭን ሯጭ ይፈጥናል የሚል ወሬ ሰምታም ቁርስ መብላት ማቆሟን ነገረቻት። በምርመራ አጥንቷ መሰንጠቁ ታወቀ።

ያኔ ያላወቅኩትን እናንተ ዛሬ እወቁት። ሰውነት የሚያገኘው ምግብ ከሚያወጣው ጉልበት ሲያንስበት፣ ለዕለት ሕይወት ግድ ያልሆነውን ሥራ መቆጠብ ይጀምራል፤ የወር አበባ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አጥንትን የሚጠብቀው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን አብሮ ይቀንሳል፤ አጥንት ሳይታወቅ እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን በተራ ልምምድ ላይ ይሰነጠቃል። የወር አበባ መቅረት ጠንክሮ የመሥራት ምልክት ነው የሚላችሁን ሰው አትስሙ፤ ሁለት ሦስት ወር ከቀረባችሁ ለውድድር ከመመዝገባችሁ በፊት ወደ ሐኪም ሂዱ። ቶሎ ቶሎ የሚደክማችሁ ከሆነም የደም ማነስ እንዳለባችሁ ተመርመሩ፤ በየወሩ ደም የሚፈሳት ሯጭ ከወንዱ ይልቅ ለዚህ የተጋለጠች ናት። ያቺ ልጅ አጥንቷ ዳነ፤ ወደ ሩጫው ግን አልተመለሰችም። ደብተሩ ዛሬም እቤቴ አለ። ያን ቃል አልሰረዝኩትም፤ እንዲሰረዝልኝም አልፈልግም።

ለእኔ ያልተነገረኝ ለመምህርቷ በአንድ ምሽት የተነገረው ለምንድን ነው? እኔ ወንድ ነኝ፤ ሰዓቱን የምይዝም፣ ቡድን የምመርጥም እኔ ነኝ። በባህላችን አንዲት ልጃገረድ ይህን ጉዳይ ለወንድ መምህሯ አትናገርም፤ ብትናገርም ከቡድን እንዳልቀንሳት ትፈራለች። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የድሮ ተረት ከቤት ይልቅ በሩጫ ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ያየሁት ያኔ ነው። ሴቷ ትሮጣለች፤ ስንት ዙር እንደምትሮጥ፣ መቼ እንደምታርፍ፣ የት እንደምትወዳደር፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ የሚወስነው ግን ወንድ ነው። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ነበሩ፤ ከአሰልጣኞቹ መካከል ግን ሴቶቹ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ይህን የምለው የወንድ አሰልጣኞችን ድካም ለማሳነስ አይደለም። ብሔራዊ ቡድኑን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶ/ር ወልደመስቀል ኮስትሬም ሆኑ በቆጂ ላይ ደራርቱንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ ሀገር የማይከፍለው ውለታ ውለዋል። ነገር ግን ሯጮችዋ ሴቶች የሆኑላት ሀገር ሴት አሰልጣኝ የሚያጥራት ከሆነ፣ በ1928 የተዘጋው በር ገና ግማሹ ብቻ ነው የተከፈተው ማለት ነው።

እናም ሴቶች ልጆቼ ሆይ፣ ከመሮጥ አልፋችሁ ሰዓቱንም ያዙ። የልምምዳችሁን ዕቅድ አሰልጣኙ ሲሰጣችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥሩ አሰልጣኝ ጥያቄን እንደ ድፍረት አይቆጥርም። የሮጣችሁትን፣ የበላችሁትን፣ የተኛችሁትን፣ የወር አበባችሁን ቀን በራሳችሁ ደብተር ጻፉ። ዛሬ የምትጽፉት የራሳችሁ ታሪክ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ሌላ ልጅ የምታሠለጥኑበት መጽሐፍ ይሆናል። ጉዳት ደርሶባችሁ ወይም ሰዓት አልመጣ ብሏችሁ ሩጫ ብታቆሙ ከሜዳው አትውጡ፤ የመጀመሪያ ደረጃ የአሰልጣኝነት ኮርስ ሲዘጋጅ ተመዝገቡ። ደራርቱ ከ2018 ጀምሮ ለዓመታት የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን መምራቷ፣ ከመሮጫው መም ወደ አመራር ወንበር የሚወስድ መንገድ እንዳለ አሳይቷል።

ስለ ገንዘብም ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ያሸነፋችሁት ገንዘብ በራሳችሁ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ባል፣ አባት ወይም ማናጀር የቱንም ያህል ቢታመን ፊርማችሁን አትስጡ። ኬንያዊቷ አግነስ ቲሮፕ የሴቶች ብቻ የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ ክብረ ወሰን በሰበረች በወሩ፣ በጥቅምት 2021፣ ኢተን ከተማ በሚገኘው ቤቷ ተገድላ ተገኘች። ጓደኞቿ ሐዘናቸውን ይዘው አልተቀመጡም፤ በቤት ውስጥ ጥቃት ለሚደርስባቸው ሴቶች የሚቆም ድርጅት በስሟ አቋቋሙ። በቤታችሁ የሚያስፈራችሁ ነገር ካለ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፤ ከሩጫው የሚቀድም ነገር ነው።

ከስፖርት ትጥቅ ድርጅት ጋር ውል የምትፈርሙ ደግሞ ብትወልዱ ክፍያው ምን እንደሚሆን የሚናገረውን አንቀጽ ሳታነቡ አትፈርሙ። በ2019 በዓለም ላይ ያሉ ሯጮች በእርግዝና ወቅት ክፍያቸው እንደሚቀነስ በአደባባይ ተናግረው፣ አንዳንድ ድርጅቶች ውላቸውን ለማሻሻል ተገደዋል። መውለድ የሩጫ መጨረሻ ነው የሚላችሁ ሰው ቢኖር፣ ደራርቱ ልጅ ከወለደች በኋላ በ2000 በሲድኒ 10 ሺህ ሜትርን በ30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሮጣ ሁለተኛውን ወርቅ መውሰዷን፣ ጥሩነሽም ልጅ በወለደች በቀጣዩ ዓመት ሪዮ ላይ ነሐስ ማግኘቷን ንገሩት።

ወንዶች ልጆቼ፣ ከእናንተ የምፈልገው ጥቂት ነው። እህታችሁ ከልምምድ በፊት የምትቀዳውን ውሃ እናንተ ቅዱ። አሰልጣኝ ስትሆኑ ሴት ረዳት ፈልጉ፤ እሷም ሰዓት ብቻ የምትጽፍ ሳትሆን አብራችሁ የምትወስን ትሁን።

ባለፈው ወር ሜዳችን አዲስ አሰልጣኝ አገኘች፤ ቀድሞ የእኔ ሯጭ የነበረች ወጣት ናት። የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ልምምዱን ከመጀመሯ በፊት ወንዶቹን ተሟሟቁ ብላ ሁለት ዙር ላከችና ልጃገረዶቹን ከባሕር ዛፉ ሥር ሰበሰበቻቸው። አንዲቱ መሬት መሬት እያየች ቆይታ በመጨረሻ ቀና ብላ መናገር ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሉ። እኔ ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ነበርኩ፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ጠጋ ብዬ መስማትም አልፈለግኩም። ወንዶቹ ሁለቱን ዙር ጨርሰው ሲመለሱ እነሱ ገና ሲነጋገሩ ነበር፤ ያቺ አሰልጣኝም ሦስተኛ ዙር እንዲጨምሩ በእጇ ምልክት ሰጠቻቸው።