ጥልቁ ውኃ ውስጥ ዓሣው የቱ ጋር ነው?

ጥያቄው ከጅማ፣ ከኮቺ ሰፈር የመጣ ነው። ጠያቂው በጊልጌል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ በመንጠቆ የሚያጠምዱ ሲሆን፣ ከየካቲት ጀምሮ ፀሐይ ሲበረታ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ዳር ላይ ምንም እንደማይነካላቸው ይገልጻሉ። አሜሪካውያን በሙቀት ወራት ባስ የተባለውን ዓሣ ከጥልቅ ውኃ ሲያወጡ በቪዲዮ አይተው፣ ጀልባ ተከራይተው ወደ መሀል በመግባት መንጠቆአቸውን እስከ መሬት ቢጥሉም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። «ዓሣው ጥልቁ ውስጥ ከሌለ የት ገባ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ያዩት ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጥልቅ ማለት ከሁሉ የጠለቀው ቦታ ማለት አይደለም። የባስ አጥማጆችም ቢሆኑ ሐይቁ ሃያ ሜትር ስለጠለቀ ብቻ መንጠቆአቸውን ሃያ ሜትር አያወርዱም። የሚፈልጉት ሞቃቱ ውኃ አልቆ ቀዝቃዛው የሚጀምርበትን ወሰን ነው፤ ዓሣውን የሚያገኙትም ከዚያ ወሰን ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የተዋጠ ኮረብታ ወይም የድሮ ወንዝ ጠርዝ ባለበት ስፍራ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛውን ውኃ ነው፤ የሞቀ ውኃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ከታች ተኝቶ ይቀራል። ንፋስ ካላማሰላቸው በስተቀር ሁለቱ በቀላሉ አይቀላቀሉም። የታችኛው ውኃ ከአየር ጋር ስለማይገናኝና ከሥሩ ያለው ቅጠልና ደለል ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ስለሚጨርሰው፣ ቆሮሶም (ቲላፒያ) ሆነ ባርበስ የተባለው ዓሣ እዚያ ሊቆይ አይችልም። የእኛ አገር ውኃ ሞቃት መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ከ24 ወደ 25 ዲግሪ መሞቅ በውኃ ክብደት ላይ የሚያመጣው ልዩነት ከ4 ወደ 5 ዲግሪ መሞቅ ከሚያመጣው 30 እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ እዚህ የአንድና የሁለት ዲግሪ ልዩነት እንኳ ወሰን ለመፍጠር ይበቃል። በዚያ ላይ በከፍታችን የአየር ግፊቱ አነስተኛ ነው፤ በባሕር ጠለል 25 ዲግሪ ያለው ውኃ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ 1,670 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ውኃ ግን 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። አምባዛ ብቻ ከዚህ ደንብ ያመልጣል፤ ወደ ላይ ወጥቶ አየር መተንፈስ ይችላልና።

እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ «ጠለቅ ያለ ትልቅ ዓሣ ይይዛል» ብዬ መረቤን ከሁሉ የጠለቀው ቦታ ላይ አሳድሬ ነበር። ጠዋት ስስበው አንድም ዓሣ አልነበረበትም፤ የታችኛው ገመድ ጥቁር ጭቃ ለብሶ የተበላሸ እንቁላል ይሸት ነበር። ያ ሽታ ከታች ኦክስጅን እንደሌለ የሚናገር ምልክት መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው።

ስለዚህ ማጥመድ ከመጀመርዎ በፊት ይለኩ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። በየአንድ ሜትሩ ቋጠሮ ባለው ገመድ ጫፍ ላይ እርሳስ (ገመዱን የሚያሰምጥ ከባድ ብረት) አስረው ጥልቀቱን ይወቁ፤ እርሳሱ ሲወጣ የያዘውን ጭቃ ደግሞ ያሽትቱ። ቀጥሎ አንድ ጠርሙስ ከእርሳሱ ጋር አጥብቀው ይሰሩ፣ አፉን በቡሽ ወትፈው ቡሹን በሌላ ቀጭን ክር ይያዙ። ጠርሙሱን ሦስተኛው ቋጠሮ ድረስ አውርደው ክሩን ሳብ ሲያደርጉ ቡሹ ይነቀልና ጠርሙሱ በዚያው ጥልቀት ውኃ ይሞላል። አረፋው መውጣቱን ሲያቆም ፈጥነው ያውጡና ቴርሞሜትር ይክተቱበት። እንዲሁ በየሜትሩ ይቀጥሉ። ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ዝቅ ያለበት ቋጠሮ ወሰኑ ነው፤ መንጠቆዎ ከዚያ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆይ።

ቦታ ሲመርጡ ይህ ጥልቀት መሬት የሚነካበትን ይፈልጉ። ወሰኑ ስድስት ሜትር ላይ ከሆነ አምስት ሜትር ጥልቀት ያለው ተዳፋት፣ በተለይም ከጎኑ የድሮው ወንዝ መሄጃ ድንገት የሚጠልቅበት ጠርዝ፣ ከመሀል ሐይቁ ይልቅ ዓሣ ይይዛል። እርሳስዎ ድንጋይ ሲነካ በገመዱ በኩል እጅዎ ላይ ኳ ኳ የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ጭቃ ከሆነ ዝም ብሎ ይሰምጣል። ከግድቡ አካልና ከውኃ መውሰጃው ግን ይራቁ።

ስለ አጣጣል አጭር ነገር ልጨምር። እርሳሱን ከክሩ ጫፍ፣ መንጠቆውን ከእርሳሱ ግማሽ ሜትር ከፍ አድርገው ይሰሩ፤ ባስ አጥማጆች ድሮፕ ሾት የሚሉት ይኸው ነው፣ ጥቅሙም ምግቡ ደለል ውስጥ አለመቀበሩ ነው። ለቆሮሶ አፉ ትንሽ ስለሆነ 8 ወይም 10 ቁጥር፣ ለባርበስ 4 ቁጥር መንጠቆ ይበቃል፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አይርሱ። ባስ አጥማጆች ለማባበያ የሚጠቀሙበትን የፕላስቲክ ዓሣ መግዛቱን ግን አልደግፍም። ባስ ሌላ ዓሣ አሳዶ የሚበላ ሲሆን፣ ቆሮሶ በአብዛኛው በውኃ ውስጥ በሚበቅል አልጌ የሚኖር ነው። ከቡና ገለባ ክምር ሥር የሚወጣ ቀይ ትል ከየትኛውም የሱቅ ማጥመጃ ይበልጥብኛል።

ከሰዓት በኋላ ንፋስ ከተነሣ የላይኛው ውኃ ስለሚማሰል ወሰኑ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት አምስተኛው ቋጠሮ ላይ ሲነካዎት የነበረው ዓሣ 9 ሰዓት ላይ ዝም ካለ፣ ቦታ ከመቀየርዎ በፊት ጠርሙሱን እንደገና ያውርዱት።