ሐይቅ ዳር ባለ እርሻ ላይ ታይል ስለመቅበር

ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ «ከዘመዶቼ ጋር ምዕራብ ሚኒሶታ ውስጥ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ዳር መሬት ገዛን። በቆሎው ላይ ውሃ ይተኛበታል። ታይል እናስቀብር? ሐይቁስ ሰመር ላይ ለምን አረንጓዴ ሆኖ ይሸታል?»

ወንድሜ፣ ሁለቱ ጥያቄዎችህ አንድ ናቸው። እዚያ አካባቢ ታይል ከሚቀብሩ ሰዎች ጋር ሠርቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርህ።

ታይል አገር ቤት ገበሬው ዋልካ መሬት ላይ የሚያወጣው ፈሰስ ማለት ነው፤ ብቻ ይሄኛው ከመሬት በታች ነው። ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ አንድ ሜትር ገደማ ጠልቆ ይቀበራል። ሥሩ አየር ያገኛል፣ ትራክተሩም ቶሎ ይገባል። ምርት ይጨምራል፤ እሱን አልክድም። ግን ውሃው ናይትሬት የሚባለውን የተክል ምግብ ይዞ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ፎስፈረስ የሚባለው ሌላው የተክል ምግብ ደግሞ በአብዛኛው ከታጠበ አፈር ጋር ይመጣል። ሐይቁን አረንጓዴ የሚያደርገውንና የሚያሸተውን አልጌ የሚቀልቡት እነዚህ ናቸው። ማሳው መሃል ብቅ ያለ ብርቱካናማ ቧንቧ ካየህ ጎርፉን ከነአፈሩ የሚውጠው እሱ ነው። አስነቅለውና በጠጠር የተሞላ መግቢያ አስደርግ።

ሐይቁን በተመለከተ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ጥልቀት የሌለው የሚባለው 15 ጫማና ከዚያ በታች የሆነው ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ወይ ታቹ ተክል አብቅሎ ጥርት ይላል፣ ወይ ደፍርሶ አልጌ ይወርሰዋል። ካርፕ የሚባለው ዓሣ ደለሉን እየቆፈረ ተክሉን ይነቅላል፤ የቀረውን ነፋሱ ይጨርሰዋል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው የውሃው መብዛት ነው። ድሮ ድርቅ ሲመጣ ሐይቁ ይጎድላል፣ ደለሉ ደርቆ ይጠነክራል፣ ደለሉ ውስጥ የተቀበረው የውሃ ተክል ዘር ይበቅላል። አሁን ከየእርሻው ስለሚወርድበት መጉደል ብርቅ ሆነበት። ቦዮቹም ለካርፕ መንገድ ሆኑ። እዚያው ምዕራብ ሚኒሶታ ያለውን ክሪስቲና ሐይቅን እ.ኤ.አ. በ1965፣ በ1987 እና በ2003 ዓሣውን በመድኃኒት እየገደሉ አጥርተውት ነበር። ይጠራል፣ ዓመታት ቆይቶ ይደፈርሳል። በኋላ ፓምፕ ተክለው ውሃውን ራሱን ማጉደል ያዙ።

እና አንተ ምን ታድርግ? ከሁሉ በፊት የካውንቲህ የግብርና ቢሮ ሄደህ መሬቱ ረግረጋማ ተብሎ የተመዘገበ መሆኑን አጣራ። ከ1985 ጀምሮ ባለው ሕግ ረግረጉን አድርቀህ ካረስክ የፌዴራል የእርሻ ድጎማ ታጣለህ። ሐይቁ ዳርም በሕግ በአማካይ 50 ጫማ ሣር መተው አለብህ። ማሳህ ላይ ሁልጊዜ የምትረጥብ ጥግ ካለች ብትተዋት ይሻላል፤ ታይል ቢገባላትም ወጪዋን መመለሷን እጠራጠራለሁ።

የቀረው ማሳ ለጥ ያለ ከሆነ የታይሉ መውጫ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ ሳጥን አስገባ። ውስጡ እንደ መሳቢያ የሚወጡና የሚገቡ፣ ውሃውን የሚያግዱ ጣውላዎች አሉት። መኸር ሲያልቅ ጣውላዎቹን ትጨምራለህ፣ ውሃው ዊንተሩን እዚያው መሬትህ ውስጥ ይቆያል። ከመዝራትህ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብለህ ታወጣቸዋለህ። ዘሩ ከበቀለ በኋላ የተወሰኑትን መልስ፤ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲጠፋ በቆሎው ያችን ውሃ ይፈልጋታል። ኮንትራክተሩ «ምን ያደርግልሃል» ካለህ ሌላ ኮንትራክተር ጠይቅ፤ ሳጥኑ ከታይሉ ጋር አብሮ ሲገባ ነው የሚረክሰው።