99ኛው ስኳድሮን የመጀመሪያ በር አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ሜሪላንድ የምኖር የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነኝ፤ ግሪን ካርድ አለኝ። የተስኪጊ አብራሪዎች (የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ወታደራዊ አብራሪዎች) የተነሡበት የአሜሪካ አየር ኃይል 99ኛ ስኳድሮን ዛሬም እንደሚያሠለጥን ሰማሁ። እንዴት ልመዝገብ?»

ስኳድሮኑ በእርግጥ አለ፤ ጀማሪ ግን አይቀበልም። ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ራንዶልፍ የጦር ሰፈር ሆኖ ለዓመታት የሠራው ክንፋቸውን (የአብራሪነት ምልክታቸውን) ያገኙ አብራሪዎችን አስተማሪ የማድረግ ሥራ ነው። በደንብ የሚበር ሰው ሁሉ አጠገቡ የተቀመጠው ተማሪ ሲሳሳት እስከ ምን ድረስ መታገሥ፣ መቼስ መሪውን መቀበል እንዳለበት አያውቅም። እዚያ የሚማሩት ይህንን ነው። ስለዚህ ግብህ አድርገው እንጂ መነሻህ አይሁን።

ስኳድሮኑ በ1941 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ጥቁሮች ተዋጊ አብራሪ መሆን አይችሉም የሚል ጽኑ እምነት በሠራዊቱ ውስጥ ነበር። በዚያው ዓመት ተስኪጊ፣ አላባማ ሥልጠና ከጀመሩት 13 ሰዎች በ1942 ክንፍ ያገኙት 5 ብቻ ናቸው፤ አንዱ በኋላ ስኳድሮኑን እየመራ ሰሜን አፍሪካ የዘመተው ቤንጃሚን ዴቪስ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. መጥቶ የኢትዮጵያን ትንሽ አየር ኃይል የመራው፣ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ የእኛን ልጆች ያሠለጠነው ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰንም ቀደም ሲል የተስኪጊ ኮሌጅ ተማሪ ነበርና፣ ይህን ታሪክ የራስህ አድርገህ ብታየው አልተሳሳትክም።

አሁን ወዳንተ ጉዳይ። የመጀመሪያው ዕንቅፋት ዜግነት ነው። በግሪን ካርድ ተራ ወታደር መሆን ይቻላል፤ አብራሪ ግን መኮንን ነው፣ መኮንን ደግሞ የግድ ዜጋ መሆን አለበት። 18 ዓመት ሳይሞላህ ከወላጆችህ አንዱ ዜግነት ካገኘና አንተም ግሪን ካርድ ይዘህ አብረኸው ትኖር ከነበረ በሕግ ዜጋ ሆነሃል፤ የሚቀርህ ፓስፖርት ማውጣት ነው። ካልሆነ ግሪን ካርድ ካገኘህ በኋላ ለዜግነት የሚጠበቀውን አምስት ዓመት አስላ። እስከዚያው በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን የአየር ኃይል መኮንንነት ትምህርት (አር ኦ ቲ ሲ) መከታተል ትችላለህ፤ ውል መፈረም ግን አትችልም።

የእኛን ልጆች በተለይ የሚያጓትታቸው ወረቀት ነው። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲዛወር ተሳስቶ፣ የአያት ስም በአንዱ ሰነድ ኖሮ በሌላው ጠፍቶ፣ የስም ፊደል በየቦታው ተለያይቶ ይገኛል። የደኅንነት ማጣሪያው እነዚህን ሁሉ ይጠይቃል፤ አገር ቤት ያሉ ዘመዶችህንም መዘርዘር አለብህ። ዘመድ መኖሩ አይጥልህም፣ መደበቁ ግን ይጥልሃል።

የአየር ኃይል መኮንን ለመሆን የሚሰጠው የጽሑፍ ፈተና ኤ ኤፍ ኦ ኪው ቲ ይባላል። ብዙዎች ሒሳቡን አጥንተው የሠንጠረዥ ንባቡን ይንቁታል፤ 40 ጥያቄ በ7 ደቂቃ ነውና ሰዓት ይዘህ ተለማመድ። የዚህ ፈተና የአብራሪነት ውጤት በኮምፒዩተር፣ በእጅ መሪና በፔዳል ከሚሰጠው ቲባስ ከሚባል የአብራሪነት ችሎታ ፈተና እንዲሁም በግልህ ከበረርከው ሰዓት ጋር ተደምሮ ከ1 እስከ 99 ያለ ነጥብ ይሰጥሃል። አብራሪ የሚሆኑትን የሚመርጠው ቦርድ አጥብቆ የሚያየው ይህን ነጥብ ነው።

ለበረራ ትምህርት ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደህ የቀለም መለየት ምርመራ አድርግ፤ ያ ጉድለት በመነጽር አይታረምም። ከ13 ዓመትህ በኋላ አስም ከነበረብህም የሕክምና ማስረጃህን ከወዲሁ ሰብስብ፣ ልዩ ፈቃድ ያስፈልግሃል። ዓይንህን በሌዘር ለመታከም አትቸኩል፤ መጀመሪያ መልማዩን መኮንን ጠይቅ።

ዲግሪህን ይዘህ 33 ዓመት ሳይሞላህ የአብራሪነት ሥልጠናውን መጀመር ይኖርብሃል። ሥልጠናው አንድ ዓመት ያህል ይወስዳል፤ የ10 ዓመት የአገልግሎት ግዴታህ መቆጠር የሚጀምረው ከመኮንንነትህ ቀን ሳይሆን ያን ጨርሰህ ክንፍህን ካገኘህ በኋላ ነው።